ችኩሏና ሦስተኛዋ ሌሊት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስራ ነበር። እንግዲህ ለስራ አልዋለም።

ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ዛሬ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "ና እስቲ፣ ይቺን እይልኝ" አለችኝ። ሚዛን ነው የምላት፤ ሳትመዝን ቃል ከአፏ አይወጣም። በአዲሱ ትልቅ ቴሌስኮፕ አርባ ጋላክሲዎች አስለክታ ውጤቱ ገብቶላታል። አሥራ ሰባተኛዋ ችኩሏ ናት።

ችኩሏን ያገኟት መምህሬ ናቸው፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት። ጽንፈ ዓለም ገና ሕፃን ሳለ፣ አንድ ቢሊዮን ዓመት እንደሞላው፣ በየዓመቱ ሁለት ሺህ ፀሐይ የምትወልድ ጋላክሲ! የኛዋ በዓመት አንድ ሁለት ብትወልድ ነው። "ይቺን ደግሞ ምን አስቸኮላት?" ብለው ሳቁና ስሟ በዚያው ጸና። እኔ ያኔ ተማሪያቸው ነበርኩ። መረጃውን ያቀናበርኩት፣ ርቀቷን ያረጋገጠችውን ሁለተኛ መስመር ግራፉ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ሚዛን ግራፉን በእርሳሷ ነካ ነካ አድርጋ፣ "ሁለተኛዋ መስመር የታለች?" አለች።

"የመሣሪያው ጫጫታ ውጧት ይሆናል።"

"የኔ መሣሪያ ከናንተ አሮጌ አሥር እጥፍ ይሰማል እኮ።"

"እንግዲያው ድገሚው" ብያት ወጣሁ። ምሳ አልበላሁም። ነገሩ ምንም ላይሆን ይችላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

በችኮላ፤ ስብሰባ አለ።

ሁለተኛዋ መስመር ከሌለች ችኩሏ ሩቅ አይደለችም። ሩቅ ካልሆነች ብርሃኗ የተነሳው በቅርብ ጊዜ ነው፤ ጥንታዊ አይደለችም። ጥንታዊ ካልሆነች መምህሬ ምን አገኙ?

ሦስተኛዋ ሌሊት አየሩ እርጥብ ነበር። ያኔ ከለካንባቸው ሌሊቶች መካከል ማለቴ ነው፤ እርጥብ አየር ልኬት ያበላሻል። ይህን ለሚዛን መንገር አለብኝ፤ ከጠየቀች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሐሙስ ሐሙስ ከስራ መልስ፣ እሑድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መምህሬ ዘንድ እሄዳለሁ። ሳንባቸው እጅ ከሰጠ ወዲህ ከአልጋና ከወንበር አላለፉም፤ ኦክስጅኑ ቀን ከሌት አፍንጫቸው ላይ ነው። ባልም ልጅም የላቸውም። የሚያስታምሟቸው እህታቸው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የኖሩ ሴት። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ።

ገና ከበር ስገባ "መጣህ እንዴ አንተ ሰውዬ? ና ይቺን ቱቦ አላላልኝ፤ እህቴ እንደ ቀበቶ ታጠብቅብኛለች" አሉኝ።

እትዬ ከማድ ቤት፣ "ምን አለች?"

"እያመሰገኑዎት ነው።"

"ውሸታም!" አሉና ሁለቱም ሳቁ። መምህሬን ሳቅ ወደ ሳል ይወስዳቸዋል፤ ጀርባቸውን ደገፍኩ። የትከሻቸው አጥንት መዳፌ ውስጥ ገባ።

መጽሐፍ እየጻፉ ነው፣ ለተራ አንባቢ የሚሆን፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች። እሳቸው ይናገራሉ፣ እትዬ ይጽፋሉ። "ትከሻ ስንት፣ ወገብ ስንት ስጽፍ የኖርኩ ሰው በስተርጅና ቢሊዮን ታስጽፈኛለች" ይላሉ እትዬ። ዛሬ አምስተኛውን ምዕራፍ አነበቡልኝ። የችኩሏ ምዕራፍ ነው። የቻልኩትን ያህል በቃሌ ይዤ ወጣሁ፤

"ያኔ ሰማዩ ጠባብ ነበር። ጋላክሲዎች እንደ ገበያ ሰው ይገፋፉ ነበር፤ ቀዝቃዛ ጋዝ በየአቅጣጫው ሞልቷል። ጋዙ ሲደፈደፍ በገዛ ክብደቱ ይወድቅና ኮከብ ይሆናል። ሁለት ጋላክሲ ከተላተመማ ጉድ ፈላ ነው፤ ጋዙ ሁሉ አንድ ቦታ ይተምና ከዋክብቱ በሺህ በሺህ ይወለዳሉ። እነሱም ባፈሩት አቧራ ይሸፈናሉ። ብርሃናቸውን አናይም፤ እኛ ጋ የሚደርሰው የአቧራው ሙቀት ነው። እንዲህ የምትቸኩል ጋላክሲ ጋዟን ባጭር ጊዜ ትጨርስና ዝም ትላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺ ግን ያፈሰሰችውን የምትለቅምበት ጊዜ አላገኘችም።"

ቀጥሎ ስለኔ ይላል። "ተማሪዬ ሁለተኛዋን መስመር ይዞልኝ ሲመጣ የጫማው ክር አልታሰረም ነበር። ደረጃው ላይ ሊወድቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት የለም፤ ደስታውን ያመጣልኝም እሱ ነው።" እትዬ ይህን ሲያነቡ ቀና ብለው ፈገግ አሉልኝ።

"እንዴት ነው?" አሉ መምህሬ።

"ጥሩ ነው" አልኩ። "በጣም ጥሩ ነው።"

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሄድኩ። አልነገርኳቸውም። ገና ያልተረጋገጠ ነገር ለታማሚ ሰው አይነገርም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ባለቤቴ እራት ላይ "ምን ሆነሃል? ሾርባውን በሹካ እየበላህ ነው" አለችኝ። ነገርኳት፣ ከፊሉን። እሷ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ በሷ ቋንቋ ሞከርኩ።

የጋላክሲ ጋዝ የራሱ የሆነ ድምፅ አለው፤ ግራፍ ላይ ጉብታ ሆኖ ይወጣል፣ እኛ መስመር እንለዋለን። ጋላክሲዋ በራቀች ቁጥር መስመሩ ከቦታው ይንሸራተታል። ችግሩ ጋዙ ብዙ መስመሮች አሉት። አንድ ብቻ ካየህ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ ጋላክሲዋ ቅርብም ልትሆን ትችላለች፣ እጅግ ሩቅም። ሁለተኛ መስመር ስታገኝ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚገጥማቸው ርቀት አንድ ነው።

"አንድ ጥርስ አግኝቶ የማን መንጋጋ እንደሆነ እንደመገመት ነው በለኛ" አለች።

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ሁለተኛውን ጥርስ ማን አገኘው?"

"እኔ።"

ሳህኑን አነሳች። "እኛ ዘንድ ልኬቱ የተሳሳተ እንደሆነ ሰውየው ማኘክ ሲጀምር ይታወቃል" ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ነገር ለማለት ይሁን ዝም ብላ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ደገመችው። ሁለተኛዋ መስመር መኖር የነበረባት ቦታ ባዶ ነው፣ ሜዳ። በምትኩ ሌላ ቦታ፣ ጋላክሲዋ ቅርብ ከሆነች ብቻ መታየት ያለበት መስመር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

ብርሃኗ የተነሳው ጽንፈ ዓለም አምስት ቢሊዮን ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በዓመት ምናልባት ሁለት መቶ ፀሐይ። እንደሷ ያለች በሺህ ትቆጠራለች። ችኩሏ ችኩል አይደለችም።

ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ለራሴ የምለው፤ ከችኩሏ በኋላ ሌሎች እውነተኛ ችኩሎች ተገኝተዋል፣ ደርዘን ሙሉ። በሕፃኑ ጽንፈ ዓለም እንደዚያ ያለ ጥድፊያ እንደነበረ ማንም አይጠራጠርም። ስለዚህ መምህሬ በነገሩ አልተሳሳቱም፣ በምሳሌው እንጂ። ይህ ልዩነት አለው። አለው። ሰዎች ሌሎቹን መፈለግ የጀመሩትም በሷ ምክንያት ነው።

ይህን ለባለቤቴ አላነበብኩላትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሚዛን ከቤተ መዛግብቱ የድሮውን ጥሬ መረጃ አስመጥታለች። ሳትነግረኝ። ለነገሩ መብቷ ነው።

"ሦስት ሌሊት ነው የለካችሁት። ጽሑፉ ላይ ሁለት ነው ያለው።"

"ሦስተኛዋ ሌሊት አየሩ እርጥብ ነበር።"

"የቴሌስኮፑ ተረኛ መዝገብ 'ጥርት ያለ' ይላል።"

"ተረኛው እንቅልፋም ነበር።"

እርሳሷን አስቀመጠች። ረጅም ሰዓት አየችኝ፤ ያቺ ሴት ሰውን ስታይ እንደ ሐኪም ነው። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጽሑፌን የኅዳር ወር ሲያልቅ እልካለሁ። መምህርህ ከኔ ጽሑፍ እንዳይሰሙት። አንተ ንገራቸው" አለች። "ምኑን እንደምትነግራቸው አንተ ታውቃለህ።"

ሰው ለምን ሥራውን አይሠራም? ምን አገባት!

(እንደገና ሳነበው አፈርኩ። ሥራዋን ነው የሠራችው።)

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

መምህሬ ዛሬ ክፉኛ ደክመው ነበር። ከሦስት ቃል በኋላ ያርፋሉ። ሐኪሙ ለእትዬ "ሳምንታት" ብሏቸዋል፤ እትዬ በር ላይ በሹክሹክታ ነገሩኝ፣ እጄን ይዘው። "አንተ ስትመጣ ቀለል ይላታል። አደራህን አትቅርብን" አሉኝ።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ሰላም ይሻል እንጂ ግራፍ አይሻም። ምናልባት ሳያውቁት ቢሄዱ ይሻላል።

ይህን የጻፈው እጅ የኔ ነው። ለማን ነው የሚሻለው?

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሚዛን ዛሬም አልጠየቀችኝም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ኅዳር ላይ ተገልጧል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ነገርኳቸው። አዎ፣ ነገርኳቸው።

መጀመሪያ እትዬ ሱቅ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁለቱን ግራፎች ጭናቸው ላይ ዘረጋሁ። መነጽራቸውን ጠየቁኝ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር አዲሱን ግራፍ ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት፣ ባዶዋ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የኦክስጅኑ ማሽን ብቻ ይተነፍሳል።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ በመጨረሻ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። እኚህን ሴት አንድ ቀን እንኳ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። "አየህ፣ እኔ ሁልጊዜ ችኩሏ እያልኩ እሷን አማሁ። ችኩሏስ እኔ ነኝ።"

ግራፎቹን ከጭናቸው ላይ ሰበሰብኩ።

ቀጥለው፣ "ሦስተኛዋ ሌሊትስ?" አሉ። "ሦስት ሌሊት ነበር የተሰጠን።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "አየሩ እርጥብ ነበር፣ መምህር" አልኳቸው።

"እሱስ ነግረኸኝ ነበር። አንተማ ሌላ ሌሊት እንጠይቅ፣ እንጠብቅ ብለህ ለምነኸኝ ነበር። እኔ ነኝ ሌሎች ሊቀድሙን ነው ብዬ ያጣደፍኩህ።"

እንደዚያ አላልኩም። አንድ ቀንም አላልኩም። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ደግ ሰው ሲያስታውስም ደግ አድርጎ ነው መሰል። አላረምኳቸውም።

እትዬ ከሱቅ ሲመለሱ ጠርተው የማረሚያ ደብዳቤ ለመጽሔቱ አስጻፉ፣ አራት መስመር። ሦስተኛው መስመር "ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ነው፤ ተማሪዬ ጊዜ ጠይቆኝ ነበር" ይላል። ፈረሙ። ፊርማቸው ወደታች ወርዶ ከወረቀቱ ሊወጣ ደረሰ። አጣጥፈው ሰጡኝ፤ "አንተ ላክልኝ" አሉኝ።

ኪሴ ውስጥ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ባለቤቴ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ደብዳቤውን አገኘችው። አነበበችው። "ታዲያ ለምን አልላክኸውም?" አለች። "እሳቸው አጠፋሁ ካሉ፣ አንተ ምን አስጨነቀህ?"

አልጋ ላይ ከተኛን በኋላ በጨለማው ውስጥ፣ "አስራ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬአለሁ" አለች። "ያቺን ሌሊት ባነሳህ ቁጥር አየሩ እርጥብ ነበር ትላለህ። ማንም ሳይጠይቅህ። የሰርጋችን ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር አይደል? እሱን አንድ ቀን አንስተህ አታውቅም።"

ተነስቼ እዚህ ጠረጴዛ ጋ መጣሁ። እንግዲህ ልጻፈው።

አየሩ እርጥብ አልነበረም።

ሁለቱን ሌሊት ስደምር ጉብታዋ ብቅ ትላለች። ሦስተኛዋን ስጨምር ትጠፋለች። አሥር ጊዜ ሠራሁት፣ አሥር ጊዜ ጠፋች። ከዚያ ሦስተኛዋ ሌሊት መጥፎ መሆን አለባት አልኩ። መጥፎ ከሆነች ምክንያቱ አየሩ መሆን አለበት አልኩ። ያቺው ሌሊት ገና አልነጋችም ነበር፤ የመቆጣጠሪያውን ክፍል መስኮት ከፍቼ ወደ ላይ አየሁ። ከዋክብቱ ይቆጠሩ ነበር። መስኮቱን ዘግቼ ማስታወሻዬ ላይ "እርጥብ" ብዬ ጻፍኩ።

መምህሬን ለማስደሰት ነው እላለሁ ሁልጊዜ፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥተው ነበርና። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የትምህርት ጊዜዬ እያለቀ ነበር፣ ችኩሏን ካልያዝኩ የሚቀጥረኝ አልነበረም። ይህ ቢሮ፣ ይህ ወንበር፣ ሐሙስና እሑድ ያ ቤት፣ ሁሉም ከተዘጋው መስኮት የመጣ ነው። የጫማዬ ክር ያልታሰረው ከደስታ አልነበረም። ሐሳቤን ሳልቀይር ልድረስ ብዬ ነው የሮጥኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬም በሩ ላይ ቆመው ሰሙ።

ደብዳቤውን መልሼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መስኮቱን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢሰድቡኝ፣ በመነጽራቸው ቢመቱኝ ደስ ባለኝ።

"ስንት ዓመትህ ነበር?" አሉ።

"ሃያ አራት።"

"ልጅ ነበርክ። ልጅ ይሳሳታል።" አረፉ። "በማግሥቱ ብትነግረኝ ተቆጥቼህ፣ ሻይ ጠጥተን፣ ሌላ ጋላክሲ እንፈልግ ነበር።" አረፉ። "በዓመቱ ብትነግረኝም።" እንደገና አረፉ። "እኔ በየአዳራሹ ቆሜ ስለችኩሏ ስናገር፣ አንተ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታጨበጭብ ነበር።"

"መምህር..."

"ማጨብጨብህን ነው ያልቻልኩት።"

ቱቦው ከአፍንጫቸው ተንሸራቶ ነበር። ላስተካክል እጄን ስዘረጋ ፊታቸውን አዞሩ። "እህቴን ጥራልኝ" አሉ።

እትዬ እዚያው ነበሩ። አጠገቤ አልፈው ቱቦውን አስተካከሉ፤ በቀስታ፣ ምንም ሳያጠብቁ። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ የጎረቤት ሰው እያየኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሄድኩ። እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው "ተኝታለች" አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

"ተኝታለች።" ከውስጥ የሚያስል ሰው ይሰማ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 21

እትዬ ዛሬ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። "ልጄ፣ እኔ መዋሸት አልችልበትም። አልተኛችም። አታስገቢው ብላኛለች።" የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዘው ያፍተለትላሉ። "እኔ ምን ልበላት? ሐሙስ ሲሆን ሰዓት ትጠይቀኛለች። አንተ በሩን ስታንኳኳ ግን ግድግዳውን ታያለች።"

"ያስገቡኝ አልልዎትም፣ ብቻ እንዴት አደሩ ይበሉልኝ" አልኩ።

"እሱን እላለሁ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

የራሴን ደብዳቤ ጻፍኩ። የሳቸውን አራት መስመር አልላክሁም፤ ውሸት አለበት፣ ለኔ የተዋሸ። የኔ ሁለት ገጽ ሆነ። ሦስተኛዋን ሌሊት ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አየሩ ጥርት ያለ እንደነበረ፣ መምህሬ እንዳላወቁ። ለሚዛን ሰጠኋት፣ እንደ ልማዷ መዘነችው። አንድ ቃል ብቻ ሰረዘች፤ "ሳይታወቀኝ" የሚል ነበር። ትክክል ናት።

"ከቦታህ ያነሱህ ይሆናል" አለች።

"ያንሱኝ።"

"ነገ ሻይ እኔ ነኝ የማመጣው" አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከሷ አንፃር ይህ እቅፍ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ደብዳቤው ሄደ። ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳሁ፤ ቅጂውን ለእትዬ ሰጠኋቸው፣ ከፈቀዱ እንዲያነቡላቸው። ከቤት ውስጥ የመምህሬ ድምፅ ተሰማኝ፤ የኔን ስም አልነበረም የሚጠሩት። ውሃ ነበር የሚጠይቁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ። እትዬ ናቸው።

"አረፈች" አሉ። "ንጋት ላይ፣ በሰላም።"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሳቸው ቀጠሉ፤ "ደብዳቤህን አንብቤላታለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ጨርሺ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ስለሌላ ነገር አወራች።" አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ። "ስምህን አላነሳችም፣ ልጄ። እንዳትጠብቅ ብዬ ነው የምነግርህ።"

አመሰገንኳቸው። ምን ተብሎ እንደሚመሰገን እንጃ፣ ግን አመሰገንኳቸው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ቀብር። ከኋላ ቆምኩ። ባለቤቴ እጄን ይዛ ነበር። የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰልፈው ሲያለቅሱ አየሁና ከነሱ ጋር መቆም አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ከሐላፊዬ ደብዳቤ መጣ። ጉዳዬ እስኪታይ ከምርምር ታግጃለሁ። ጠረጴዛዬን አጸዳሁ። ቅር አላለኝም፤ ሐሙስ ግን ነገ ነው፣ የት እንደምሄድ አላውቅም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

እትዬ ዛሬ ቤቴ መጡ። ደረጃውን ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ አንድ ካርቶን አቅፈው። ባለቤቴ ወንበር ሰጥታቸው ውሃ አመጣች። ካርቶኑ ውስጥ የመጽሐፉ ረቂቅ አለ።

"ላንተ ስጪው አላለችም" አሉ ፊት ለፊት። "እኔ ነኝ ያመጣሁት። ማተሚያ ቤቱ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ይየው አለ፤ እኔ ከአንተ ሌላ ቁጥር የሚያውቅ ሰው አላውቅም።"

እሳቸው እያዩኝ አነበብኩት። አምስተኛው ምዕራፍ እንደ አዲስ ተጽፏል፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት። ችኩሏ ወጥታለች። በሷ ቦታ ሌሎች ሰዎች ያገኟት እውነተኛ ጥንታዊ ጋላክሲ ገብታለች፤ ርቀቷም የከዋክብቷም ቁጥር ልክ ነው። "እኔ አንድ ጊዜ ቅርቡን ሩቅ ነው ብዬ ተሳስቻለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፣ ያለ ምክንያት፣ ያለ ወቀሳ። ስለ ጫማው ክር የሚለው የለም። ምስጋናው ገጽ ላይ እህታቸው አሉ፣ ሐኪሙ አለ፣ ከሃያ ዓመት በፊት መቆጣጠሪያ ክፍሉን ያጸዱ የነበሩት ሴትዮ እንኳ አሉ። እኔ የለሁም።

"ትክክል ነው" አልኩ። "አንድም የሚታረም የለውም።"

እትዬ ከቦርሳቸው እርሳስ አወጡ። ምስጋናው ገጽ ላይ፣ ከስማቸው በታች ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። "ሐሙስ ሐሙስ ስትመጣ ያየሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ልብሷን ያጠበች፣ ትንፋሿን የቆጠረች እኔ ነኝ። ትንሽ ጊዜ ብታገኝ ኖሮ ይቅር ትልህ ነበር፣ እህቴን አውቃታለሁ። አሁን እሷ አታይም። ስምህን እዚህ ጋ ጻፈው።" እርሳሱን እጄ ውስጥ አደረጉት።

ባለቤቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈልጌ ነበር። እጄ ተንቀሳቅሷል። መምህሬ ይቅር ይሉኝ እንደነበር እኔም ማመን እፈልጋለሁ፤ ግን አላሉም። የተናገሩት እዚህ የተጻፈውን ነው፤ የተዉት ቦታም ባዶ ነው።

እርሳሱን መለስኩላቸው። "እንዳለ ይታተም፣ እትዬ" አልኳቸው።

አለቀሱ፤ አለቀስኩ። ካርቶኑን ተሸክሜ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው።